ልጄ ሥዕል እንጂ ሌላ አይታየውም፤ "ካሃል" የሚባለው ስፔናዊ ማን ነው?

ጀልበኛው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ጀልባ ነው። ቱሪስቱንም ምእመኑንም ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ። ጽሑፍ ላይ ብዙም ስላልሆንኩ ስሕተት ብታዩ እለፉኝ።

ነገሩ የትልቁ ልጄ ነው። 16 ዓመቱ ነው፣ 10ኛ ክፍል። እናቱ ከተወለደ ጀምሮ "ዶክተሬ" እያለች ነው ያሳደገችው። እሱ ግን እርሳስ ከያዘ ምግብም አይፈልግ። የባዮሎጂ ደብተሩን ብትገልጡት ግማሹ ታንኳ ነው፣ ግማሹ ወፍ፣ የቀረው የመምህሩ አፍንጫ። ቅዳሜና እሑድ ጀልባ ላይ ይረዳኛል። ዘጌ ደርሰን እንግዶቹ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ ተከትሎ ይገባና የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ቆሞ ይገለብጣል። "አባዬ፣ ጥሩ ሰው በሁለት ዐይኑ ነው የሚሣለው፣ ክፉ ሰው ግን በአንድ ዐይን" ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ስመላለስ ልብ ብዬው አላውቅም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት መጣ። ኬሚስትሪ 43። ደሜ ፈላና የሥዕል ደብተሩን ለሁለት ቀደድኩበት። አላለቀሰም፣ አልመለሰልኝም። ቁርጥራጩን ለቅሞ ወጣ። ያ ዝምታው እስካሁን ይከነክነኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ስፔኖች ጫንኩ። አንድ ሽማግሌ ልጄ የቡና ቅርንጫፍ ሲሥል አየና መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ የራሱን ግንባር በጣቱ እየነካ "ካሃል! ካሃል!" ይል ጀመር። አስጎብኚው ሲተረጉምልን፣ በአገራቸው እንዲህ አድርጎ አንጎልን የሣለ ሐኪም ነበረ፣ ኖቤል ተሸልሟል፣ ልጅ ሆኖ ሠዓሊ መሆን ነበር የሚፈልገው አለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ካሃል ካሃል ነው። ቱሪስት ደስ ሲለው የማይለው ነገር የለም፤ ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። እውነት እንዲህ ያለ ሰው ነበረ? ሥዕል የሚወድ ልጅ እንዴት ሐኪም ሆነ? አባቱስ ዝም ብሎ አየው? ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይ ሶሻል ይመርጣል፤ ጭንቀቴ እሱ ነው።

ማትሪክ ይቅደም፦

ወንድሜ፣ የሰው አገር ሽማግሌ በግማሽ ቀን መንገድ ልጅህን ሊያሳድግልህ ነው እንዴ? ኖቤል የተሸለመውን አንዱን ታያለህ። ሲሥል ከርሞ ፈተና የወደቀውን መቶውን ግን ማን ያየዋል? ቱቶር ቅጠርለት። ሥዕሉ ለክረምት ይደርሳል።

የላብራቶሪው ጡረተኛ፦

ጀልበኛው ወንድሜ፣ ሽማግሌው አልዋሸህም። እኔ 31 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከሕመምተኛ የተቆረጠ ሥጋ እቀበላለሁ፣ ሰም ውስጥ እቀብራለሁ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ቀለም ነክሬ ስላይድ በምንለው ስስ መስታወት ላይ አስቀምጬ ለሐኪሙ አቀርባለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው በዚህ ነው። ካሃልንም ያወቅሁት በዚሁ በኩል ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።

ሙሉ ስሙ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። በሰሜን ስፔን ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል ትንሽ የተራራ መንደር በ1852 ተወለደ። በእኛ በኩል ደጃዝማች ጎሹ ጉር አምባ ላይ የወደቁበት ዓመት ነው፤ ካሳ ገና ቴዎድሮስ አልተባሉም።

አባቱ ዶን ሁስቶ ይባላሉ። ፀጉር መቁረጥንና ቁስል ማከምን አንድ ላይ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ተቀጥረው ነው የጀመሩት። ከዚያ በራሳቸው ጥረት ተምረው ሐኪም ሆኑ። ከድህነት እንዲህ የወጣ ሰው ሥዕል ምኑ ነው? የሥራ ፈት ጨዋታ ነው። ልጁ ደግሞ ግድግዳ አይቀረው፣ በር አይቀረው፣ ይሥላል። አንድ ቀን አባትየው የልጁን ሥዕል ይዘው ዳኛ ፍለጋ ሄዱ። ያገኙት ዳኛ ማን መሰለህ? የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚለስንና ቀለም የሚቀባ ሰው። ሥዕሉ የሐዋርያው የያዕቆብ ነበር። ሰውዬው አየና "ይሄ ልጅ ሠዓሊ አይሆንም" ብሎ ፈረደ። ጉዳዩ በዚያ ተዘጋ።

ልጁ ግን አልተዘጋም። በ11 ዓመቱ ከእንጨት መድፍ ሠርቶ የጎረቤት በር አፈረሰና ጥቂት ቀን ታሰረ። አባቱ እንዲታሰር ተስማምተው ነበር! በትምህርቱ ሲሰንፍባቸው ፀጉር ቆራጭ ዘንድ አስቀጠሩት፣ ቀጥሎ ጫማ ሰፊ ዘንድ። ስለዚህ ደብተር መቅደድህን አታጋነው፤ የባሰ አለ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ፣ ያንተ ጥያቄ እዚህ ጋ ነውና። በ1868 ክረምት ልጁ ልክ እንደ ልጅህ 16 ዓመቱ ነው። አባትየው ሌላ ዘዴ መጣላቸው። ሌሊት ወደ መቃብር ቦታ ይዘውት ሄዱ። አጥሩን ዘልለው ገቡና ከመቃብር የወጣ የሰው አጥንት ለቅመው ተመለሱ። አጥንቱን አንድ በአንድ እያስያዙ "ይሄ ምንድን ነው? እዚህ ጋ ያለው ጉድጓድ ምን ያልፍበታል?" እያሉ አስተማሩት። ልጁም መሣል ጀመረ። ሊሥለው ሲል ማየት ግድ ሆነበት፣ ሲያየው ደግሞ ገባው። መጽሐፍ አልይዝ ያለው ጭንቅላት አጥንቱን ሁሉ ከነጉድጓዱ ያዘ። በ1873 ከሳራጎሳ በሕክምና ተመረቀ። ያ ሥዕል የጠሉ አባት ደግሞ በኋላ የልጃቸውን የአናቶሚ ሥዕሎች ሰብስበው በመጽሐፍ ሊያሳትሙ ተነሡ። የከተማው ማተሚያ ቤቶች ቀለሙን የማውጣት ዐቅም ስላልነበራቸው ቀረ እንጂ።

መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ነው። የአንጎሉን ነገር ነገ እመለስበታለሁ።

ሲ ዋን ላይ ያለሁ፦

ጋሼ፣ እባክዎ ይቀጥሉ። እኔ ሜዲካል ተማሪ ነኝ። ካሃልን የማውቀው በመምህሩ የትምህርት ስላይድ ጥግ ላይ በተለጠፈ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ኒውሮአናቶሚ፣ የአንጎልና የነርቭን አሠራር ማለቴ ነው፣ ስንማር እኔም ካልሣልኩ አይገባኝም፤ ጓደኞቼ "ኬጂ" እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ በዚያን ጊዜ ፎቶ ካሜራ ነበረ አይደል? ለምን ፎቶ አንስቶ አልተገላገለም?

ደግሞ ጎልጂን እንዳይረሱት። ካሃል አንጎልን ያየበት ቀለም የጎልጂ ነው።

የላብራቶሪው ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደግ ነው። ከቀለሙ ልጀምርና እመጣልሻለሁ።

እኛ ዘወትር የምንጠቀምበት ቀለም ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ነው፤ ሮዝና ሰማያዊ። ለጉበት፣ ለጡት፣ ለቆዳ ጌታ ነው። አንጎልን በእሱ ቀልመሽ ስታዪው ግን ጠቃጠቆ ብቻ ነው። የሴሉ ገላ ይታያል፣ ክንዱ የለም። ክንዶቹ ሁሉ እርስ በርስ ተወሳስበው አንድ ሮዝ ምንጣፍ ይሆናሉ። በካሃል ዘመንም ችግሩ ይኸው ነበር። ሁሉም ከተቀለመ ሁሉም ይጠፋል።

ካሚሎ ጎልጂ የሚባል ጣሊያናዊ በ1873 መላ አገኘ። በአቢያቴግራሶ ከተማ የማይድኑ ሕሙማን የሚቀመጡበት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። ላብራቶሪ ስላልነበረው ወጥ ቤቱን ነው ላብራቶሪ ያደረገው። የአንጎል ቁራጭ ፖታሲየም ዳይክሮሜት በሚባል ኬሚካል ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፋል። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት በሚባል የብር ኬሚካል ውስጥ ይከተዋል። ብሩ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይጠቁራል። ተአምሩ ምንድን ነው፣ ከመቶ ሴል አንዱን ቢይዝ ነው። ያን አንዱን ግን ከራስ እስከ እግሩ፣ እስከ ቀጭን ጭራው ያጠቁረዋል። የቀረው ቢጫ መስክ ነው። ለምን ያንን መርጦ ይህንን እንደሚተው ዛሬም በቅጡ የታወቀ አይደለም።

ካሃል ይህን ያየው በ1887 ማድሪድ ነው፣ ሲማሮ የተባለ ሐኪም አሳይቶት። እዚያ እስኪደርስ ብዙ አልፏል። ለጦር ሐኪምነት ኩባ ተልኮ በወባና በተቅማጥ አልቆ ተመልሷል። ከጦሩ ባጠራቀመው ደመወዝ የመጀመሪያ ማይክሮስኮፑን ገዝቷል፤ ያውም ቀስ በቀስ እየከፈለ። በ1878 ደግሞ ሳንባው ታሞ ደም ተፍቷል። በ1885 ቫሌንሲያ ሳለ ኮሌራ ገባ። በበሽታው ላይ ለሠራው ጥናት የሳራጎሳ አስተዳደር ዘመናዊ የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሸለመው። እኔ በ31 ዓመቴ የተሸለምኩት ግድግዳ ሰዓት ነው፤ እሱም ቆሟል።

እንግዲህ ጎልጂ ዘዴውን ካወጣ 14 ዓመት አልፎታል፤ ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። ለምን? አመለኛ ነው! ይኸን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም፣ ሞክሬዋለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል አንድ የሥራ ጓደኛዬን አባብዬ በዶሮ አንጎል ጀመርን። የመጀመሪያው ጭቃ ሆነ። ሁለተኛው ቁራጩ ተፈረፈረ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ጠቁሮ ከሰል መሰለ። ብሩ ጣቴን አጥቁሮት ለሁለት ሳምንት አልለቅ አለ፤ ባለቤቴ "ምን ነካህ?" ስትለኝ ምን ልበላት። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ የሌላ ሰው የሰም ሥራ ስለተበላሸ አለቃዬ "የአንተ ጨዋታ ነው" ብሎ ተቆጣኝ። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ይመስል።

አምስተኛው ላይ ግን ወጣልን። ከዶሮዋ ትንሿ አንጎል፣ ከኋላ በታች ካለችው ሴሬብለም የተቆረጠ ነው። ቢጫ መስክ መካከል አንዲት ጥቁር ዋርካ ቆማለች። አንዲት ብቻ። ፑርኪንዬ ሴል ትባላለች። ቅርንጫፏ ቅርንጫፍ ያበቅላል፣ እሱም ሌላ። የሚያስደንቀው ነገር ጠፍጣፋ ናት። በፊቷ በኩል ከቆረጥሻት ሰፌድ ታክላለች። በጎን ከቆረጥሻት የሰፌድ ጠርዝ፣ ቀጭን መስመር ብቻ። ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየሁት። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ "ሻይ እንጠጣ" አለኝ።

ካሃል ሁለት ነገር ጨመረበት። አንደኛ፣ ቁራጩን ሁለት ጊዜ ዘፈዘፈው፤ ዳይክሮሜት፣ ብር፣ እንደገና ዳይክሮሜት፣ እንደገና ብር። ሁለተኛው ብልሃቱ ይበልጣል። ያደገ አንጎል ትቶ የእንቁላል ውስጥ ጫጩትና ገና የተወለዱ እንስሳትን ያዘ። ራሱ ሲናገር፣ ያደገው ጫካ ካላስገባ ለምን ችግኝ ጣቢያው ላይ አናየውም ነው ያለው። ሽሉ ላይ የነርቭ ክሮቹ ገና በስብ አልተሸፈኑም፣ ብሩ ይገባቸዋል፤ ክንዶቹም አጭር ናቸው፣ መነሻና መድረሻቸው ይታያል።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ። ካሃል ፎቶ የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ የፎቶ በሽተኛ ነበር እንጂ። በ1912 ስለ ቀለም ፎቶ መጽሐፍ ጽፏል። ግን የጎልጂ ቁራጭ ወፍራም ነው። ማይክሮስኮፑን ስታስተካክይ አንዱ ቅርንጫፍ ይጠራል፣ ከሥሩ ያለው ይደበዝዛል። ቁልፉን ትንሽ ስታዞሪው ያ ይጠፋና ሌላው ይመጣል። ካሜራ ከዚያ ውስጥ አንዱን ንጣፍ ብቻ ነው የሚያነሣው። ዛፉን ሙሉ የሚያገኘው ቁልፉን እያዞረ፣ እያየ፣ እየያዘ፣ በራሱ ውስጥ የሚገጣጥም ሰው ነው። ብዙ ጊዜ በነጻ እጁ ነበር የሚሥለው። ያልተረዳውን ሴል መሣል አይችልም ነበር ማለት ነው። ኬጂ ያሉሽ ልጆች ይኼን ንገሪያቸው።

በ1888 ያየውን ሊያወጣ ፈለገ። የሚያትምለት ስላጣ የራሱን መጽሔት አቋቋመ። በራሱ ገንዘብ 60 ቅጂ አሳትሞ አብዛኛውን ለውጭ አገር ምሁራን ላከ። ልጆች የሚያሳድግ መምህር መሆኑን አትርሱ። ምን ተመለሰለት? ዝምታ። ስፔንኛ ማን ያነባል? ስለዚህ በ1889 ጥቅምት ስላይዱንና ማይክሮስኮፑን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ ያጠራቀመውን አውጥቶ፣ በባቡር በርሊን ሄደ። የጀርመን አናቶሚስቶች ጉባኤ ነበር። ማይክሮስኮፑን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ "ኑ፣ እዩ" ማለት ጀመረ። በዘመኑ አሉ ከሚባሉት ታላላቆች አንዱ ኮሊከር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሳያፍር ይዟቸው መጥቶ አስቀመጣቸው። አዩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠበቃው ሆኑ። የካሃልን ጽሑፍ ለማንበብ ብለው ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ስፔንኛ ተማሩ።

ያየው ነገር ምን እንደሆነ ሳልናገር ብዙ ጻፍኩ። ዐይኔ ደክሟል፤ ተማሪዋ ትጨርሰው።

ሲ ዋን ላይ ያለሁ፦

እሺ ጋሼ። ጀልበኛው፣ በአጭሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ጎልጂን ጨምሮ ብዙዎቹ አንጎል አንድ የተያያዘ መረብ ነው ይሉ ነበር። ሴል ከሴል ክሩ ተጣብቆ፣ ያለ ድንበር። ካሃል ደግሞ በዚያው በጎልጂ ቀለም ሲያይ የክሮቹን ጫፍ አገኘ። ጫፉ ሌላው ሴል ድረስ ሄዶ ያቆማል። እነዚያን ጋሼ ያሉትን ፑርኪንዬ ሴሎች እንደ ቅርጫት የሚያቅፉ ክሮች አሉ፤ ያቅፏቸዋል እንጂ አይዋሐዷቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነርቭ ሴል ራሱን የቻለ ነው አለ። ለነርቭ ሴሉ "ኒውሮን" የሚለውን ስም በ1891 ያወጣው ግን ቫልዳየር የተባለ ጀርመናዊ ነው።

ጀልበኛው፦

ቆይ፣ ቆይ። ገባኝ መሰለኝ። በእምቦጭ ዘመቻ ጊዜ ወደ ደንቢያ ሄጄ በእጄ ነቅያለሁ። አንዱን ስትስበው ዐሥሩ ተያይዞ ይመጣል። ከእናቱ ክር ወጥቶ ልጅ ያበቅላል፣ ከልጁ ደግሞ ሌላ። የቱ ጋ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር አታውቀውም። ጎልጂ ያለው ይህንን ነው አይደል?

ካሃል ያለው ደግሞ የዘጌን ጫካ ነው። ከጀልባ ላይ ሆነህ ስታየው አንድ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ገብተህ ቀና ብትል ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ነው፣ ሰማይ አይታይም። ግን እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ግንድ አለው። አንዱ ቢቆረጥ ሌላው አይወድቅም። ልክ ነኝ?

የላብራቶሪው ጡረተኛ፦

በለው! ይኼን ሠላሳ ዓመት ፈልጌ አጥቼው።

ሲ ዋን ላይ ያለሁ፦

እኔ ይኼን ለፈተና እወስደዋለሁ፣ ፈቅደውልኛል ብዬ ነው 😂

ግን ለጎልጂ ልሟገት። ሰውዬው ቀላል ሰው አይደለም። ወባ ሲይዘን ትኩሳቱ በቀን ቆጥሮ የሚመላለሰው ጥገኛው ደም ውስጥ የቀይ ሕዋሱን ሰብሮ ሲወጣ መሆኑን ካሳዩት አንዱ እሱ ነው። በ1906 ኖቤሉን ከካሃል ጋር እኩል ተካፈለ። ስቶክሆልም ላይ ታኅሣሥ 11 ቀን ጎልጂ ተነሥቶ ንግግሩን ባደረገበት ሰዓት የኒውሮንን ሐሳብ ነቀፈ። ካሃል እዚያው ነው። በማግስቱ ደግሞ ካሃል ተነሥቶ ኒውሮንን አስረዳ። በአንድ ሽልማት ሁለት ተቃራኒ ነገር። እኔ ብሆን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የት አያለሁ!

ማን እንዳሸነፈ የታየው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው። ካሃል በ1934 ማድሪድ ላይ አረፈ። በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጣና በሁለቱ ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት ታየ። የአንድ ሚሊሜትር 50,000ኛ እጅ አካባቢ ነው። ካሃል በእሱ ማይክሮስኮፕ ያንን ሊያየው አይችልም ነበር፤ ጫፎቹን አይቶ ነው የደረሰበት። እውነቱን ለመናገር ግን አንዳንድ ቦታ ነርቭ ሴሎች በጠባብ መተላለፊያ በቀጥታ ይገናኛሉ። ስለዚህ ጀልበኛው፣ ጫካው ውስጥም አልፎ አልፎ እምቦጭ አለ።

ማትሪክ ይቅደም፦

ቆንጆ ታሪክ ነው፣ አልክድም። ግን አንድም ሰው ጥያቄውን አልመለሰም። ናቹራል ወይስ ሶሻል? የካሃል አባት ሐኪም ነበሩ፣ አጥንቱን የሚያስረዱት አባት ነበሩ። ጀልበኛው ምን ያስረዳው?

የላብራቶሪው ጡረተኛ፦

እውነትህን ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ምርጫውን ልጁ ይምረጥ እላለሁ፤ እኔ ግን የማውቀውን አንድ ነገር ልንገረው።

ጀልበኛው፣ መቃብር አያስፈልግህም። አሁን ጾም ነው፣ ለፋሲካ በግ ታርዳለህ። ጭንቅላቱን ለሰው አትስጥ፣ አትጣል። አናቱን በመጥረቢያ ቀስ አድርገህ ክፈት፤ በኃይል ከመታኸው ገንፎ ይሆንብሃል። ትኩስ አንጎል እንደ ዐይብ ለስላሳ ነው፣ ለመቁረጥ አይመችም። ስለዚህ ከፋርማሲ አልኮል ግዛና ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው፤ ይጠነክራል። የጥንት አናቶሚስቶችም አንጎልን በአልኮል ነበር የሚያጠነክሩት። ጓንት ይልበስ፣ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የጎልጂን ቀለም ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት! ዳይክሮሜት መርዝ ነው።

ከኋላ በታች ያለችውን ትንሿን አንጎል ለይታችሁ በአዲስ ምላጭ መሐል ለመሐል ቁረጧት። ምን እንደምታዩ አልነግራችሁም። ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ልጁ ይሣለው፣ አንተ ደግሞ ዝም ብለህ "ይሄ ምንድን ነው?" እያልክ ጠይቀው። መልሱን አለማወቅህ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይሻላል።

ጀልበኛው፦

ፋሲካ አለፈ፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

በጉን አረድን። የመጀመሪያው ምት ጠማማ ሆነብኝና ግራው በኩል ተጨፈለቀ። ልጄ ገፋ አድርጎኝ "ቀስ በል አባዬ" ብሎ ራሱ ከፈተው። እጁ አይንቀጠቀጥም። ፋርማሲው በበዓሉ ዝግ ስለነበረ በአልኮሉ ፈንታ ዳግም አረቄ ውስጥ ጨመርነው። እናቱ ያየች ቀን ጉድ ፈላ። አማቴ ከገጠር ያመጡት፣ ለእንግዳ የተቀመጠ አረቄ ነበር። "የበግ አንጎል ዳግም ሲጠጣ በዕድሜዬ አላየሁም" አለች። ሳምንት ሙሉ ተወራብኝ።

በሳምንቱ ማታ መብራት የለም። ስልኬን ያዝኩለት። ትንሿን ለየና በምላጭ ቆረጣት። ለሁለት ሲከፍታት ውስጧ ዛፍ አለ። ነጭ ግንድ፣ ነጭ ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉ ዐመድማ። ማንም ያልሣለው ዛፍ። እናቱ ሳትቀር መጥታ ጎንበስ ብላ አየች፤ አማተበችና "ማን ተከለው?" አለች።

ጋሼ እንዳሉኝ "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። "አላውቅም፣ ቆይ" አለኝ። "ይሄኛውስ ወዴት ይሄዳል?" ስለው "አባዬ ስልኩን አታንቀጥቅጥ" ብሎ ተቆጣኝ። ቻርጁ 4 ፐርሰንት እስኪደርስ ያዝኩለት። ክንዴ ዝሏል።

ናቹራል ይሁን ሶሻል ገና አልወሰንም። ኬሚስትሪው ያው ነው። ዳይክሮሜት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ እኔ ምን አውቄ፣ ወደ መምህሩ መራሁት።

ሰባት ገጽ ሣለ። አዲስ ደብተር ነው፣ እኔ ነኝ የገዛሁለት። አንዱን ፎቶ አንስቼ እዚህ ልለጥፍላችሁ ብዬ ስጠጋ "አላለቀም" ብሎ ደብተሩን ዘጋብኝ።